የውሰት መከላከያ፦ የአንቲቦዲ መርፌ ደኅንነት እንዴት እንደተገነባ

በአገራችን ብዙ እናቶች የሾተላይ መርፌን ያውቁታል። ደሟ አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት አር ኤች ፖዘቲቭ ልጅ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው ይህ መድኃኒት ከሌሎች ሰዎች ደም ተጣርቶ የወጣ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታን የሚከላከል የደም ፕሮቲን፣ ነው። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ሴረምም፣ የቆሸሸ ቁስል ላለበት የሚሰጠው የቴታነስ ሴረምም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ውስጥ ግን ስሙ እምብዛም የማይነሳ አንድ አባል አለ፤ ሰውነታቸው ከተፈጥሮው አንቲቦዲ ማምረት ላልቻለ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚሰጠው ኢሚዩኖግሎቡሊን።

የሾተላይ መርፌ የምትወስድ እናት በሕይወቷ ጥቂት ጊዜ ትወጋለች። አንቲቦዲ የሌለው ልጅ ግን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ መወጋት አለበት፤ የተዋሰው አንቲቦዲ በሰውነቱ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳልና። አንድ ጊዜ ብቻ በሚወሰድ መድኃኒት ላይ ትንሽ የሚመስል አደጋ፣ መቶና ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ትንሽ አይሆንም። ዛሬ ነርሷ «በዝግታ እንጀምር»፣ «ውኃ ጠጥተዋል?»፣ «የጠርሙሱን ቁጥር እንመዝግብ» ስትል የምትከተለው ደንብ በአብዛኛው ሰው ከተጎዳ በኋላ የተጻፈ ነው። ይህን ታሪክ ከመነሻው እንከተለው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1890–1905፦ የፈረስ ደም

በ1890 በበርሊን፣ ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ አንድ ነገር አሳዩ። የቴታነስን ወይም የዲፍቴሪያን መርዝ እንዲለምድ የተደረገ እንስሳ ደሙ ውስጥ ያንን መርዝ የሚያከሽፍ ነገር ይፈጠራል፤ የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ማለትም ሴረሙ፣ ለሌላ እንስሳ ሲወጋ መከላከያውም አብሮ ይሻገራል። ዲፍቴሪያ በዚያ ዘመን የሕጻናትን ጉሮሮ እየዘጋ የሚገድል በሽታ ነበር። ብዙ ሴረም የሚሰጥ እንስሳ ስላስፈለገ ፈረስ ተመረጠ። ቤሪንግ በዚህ ሥራቸው በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው በ1901 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ጂም የተባለ፣ ቀድሞ የወተት ጋሪ ይጎትት የነበረ ፈረስ ለከተማው ጤና መሥሪያ ቤት የዲፍቴሪያ ሴረም ይሰጥ ነበር። ፈረሱ በቴታነስ ታመመ፤ ተገደለም። ከመታመሙ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ የተቀዳው ሴረም ግን ሳይመረመር ተከፋፍሎ ነበር። 13 ሕጻናት ከዲፍቴሪያ ሊያድናቸው በተሰጠ መርፌ ምክንያት በቴታነስ ሞቱ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1902 ከሕያዋን የሚሠሩ መድኃኒቶች በፈቃድና በቁጥጥር ብቻ እንዲመረቱ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። በእኔ እምነት የዚህ ሕክምና የደኅንነት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ምርት ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተቀዳና ማን እንደመረመረው መታወቅ አለበት የሚለው መርሕ በእነዚያ ልጆች ሞት ተተከለ።

ሁለተኛው ትምህርት ከቪየና መጣ። ክሌመንስ ፎን ፒርኬና ቤላ ሺክ የተባሉ የሕጻናት ሐኪሞች፣ የፈረስ ሴረም የተወጉ ልጆች ከቀናት በኋላ ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም እንደሚይዛቸው አስተዋሉ። በ1905 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕመሙን «የሴረም በሽታ» አሉት። ምክንያቱ መርዝ አልነበረም። የልጆቹ ሰውነት የፈረሱን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥሮ መዋጋቱ ነበር። እንግዲህ ደጋግሞ የሚወጋ ሰው አንቲቦዲውን ከሰው ማግኘት ነበረበት።

1937–1945፦ ጦርነቱ የተወው ክፍልፋይ

ከሰው ደም አንቲቦዲን ለይቶ ለማውጣት በመጀመሪያ አንቲቦዲ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ስዊድናዊው አርኔ ቲሴሊዩስ በ1937 የደም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል እያንቀሳቀሰ የሚለይ መሣሪያ ይፋ አደረጉ። ፕሮቲኖቹ እንደ ፍጥነታቸው ተለያይተው አልቡሚን፣ አልፋ፣ ቤታና ጋማ የተባሉ ክፍሎች ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአሜሪካዊው ኤልቪን ካባት ጋር ሆነው አንቲቦዲዎች በጋማው ክፍል እንደሚገኙ አረጋገጡ። ጋማ ግሎቡሊን የሚለው የኢሚዩኖግሎቡሊን የቀድሞ ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄው በብዛት ማምረቱ ላይ ደረሰ፤ መልሱም ከጦርነት መጣ። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጠጋችበት ወቅት፣ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን ኮን ለቆሰሉ ወታደሮች ደምን የሚተካ፣ ሳይበላሽ የሚጓጓዝ ነገር እንዲያገኙ ተጠየቁ። ኮን ፕላዝማን፣ ማለትም ሕዋሳቱ የተለዩለትን የደም ፈሳሽ፣ በብርድ ውስጥ ከአልኮል ጋር እያዋሃዱ፣ የአልኮሉን መጠንና የአሲዱን ልክ ደረጃ በደረጃ እየቀያየሩ ፕሮቲኖቹን ተራ በተራ አረጉ። የሚፈለገው አልቡሚን በአምስተኛው ክፍልፋይ ተገኘ። በሁለተኛው ክፍልፋይ የተገኘው ደግሞ ጋማ ግሎቡሊን ነበር። ለጦር ሜዳ ስለማያስፈልግ ሐኪሞች ኩፍኝንና የጉበት በሽታን ለመከላከል ሞከሩት፤ ሠራም።

ኮን ይህን ሲያደርጉ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። ቅዝቃዜውና አልኮሉ ፕሮቲኑን ከመለየት አልፎ ብዙ ቫይረሶችን ያዳክማል፣ ወይም ወደ ሌላ ክፍልፋይ ይገፋል። ከአርባ ዓመት በኋላ ኤች.አይ.ቪ. ከለጋሾች ፕላዝማ በተሠራ የደም መርጊያ ፋክተር አማካይነት ደማቸው የማይረጋ በርካታ የሄሞፊሊያ ታማሚዎችን ሲይዝ፣ የኢሚዩኖግሎቡሊን ተጠቃሚዎች ከዚያ ዕልቂት የዳኑት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

1952፦ የብሩተን ታካሚ

ዋሽንግተን በሚገኘው የዋልተር ሪድ ጦር ሆስፒታል የሕጻናት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ኮሎኔል ኦግደን ብሩተን አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ያክሙ ነበር። ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ 19 ጊዜ በደም መመረዝ ታሞ ነበር። ከእነዚህ በአሥሩ ከደሙ የተገኘው ተህዋሲ ኒሞኮከስ ነው፤ ጤነኛ ልጅ አንዴ ሲታመምበት መከላከያ የሚያበጅለት ተህዋሲ። ብሩተን ክትባት ሞከሩ። የልጁ ደም ምንም አንቲቦዲ አላበጀም።

የቲሴሊዩስ መሣሪያ በወቅቱ ወደ ሆስፒታሎች መግባት ጀምሮ ነበርና የልጁን ደም አስመረመሩ። አልቡሚን፣ አልፋ፣ ቤታ ሁሉም አሉ። ጋማው የለም።

ብሩተን በቀጥታ ያሰቡት ይህ ነው፦ የጎደለው ይህ ከሆነ ይተካለት። በየወሩ ጋማ ግሎቡሊን ከቆዳው ሥር ወጉት። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ደም ሳይመረዝ ኖረ። ጽሑፋቸው በ1952 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ በተፈጥሮ የሚመጣ የመከላከያ ጉድለት ምን እንደሆነ ለይቶ፣ ሕክምናውንም አብሮ ያቀረበ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሆነ። ከ41 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ሁለት የምርምር ቡድኖች የበሽታውን ዘረ መል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ አገኙት። በሽታው በወንዶች ልጆች ላይ የሚታየው ስለዚህ ነው፤ ዘረ መሉ የሚሠራው ፕሮቲንም በብሩተን ስም ተጠራ።

ብሩተን መድኃኒቱን ከቆዳ ሥር መስጠታቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ተከታዮቻቸው ይህን መንገድ ትተው ሌላ ይዘው ሄዱ፤ ለመመለስም አርባ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው።

1953–1981፦ ከጡንቻ ወደ ደም ሥር

በቦስተን ቻርልስ ጄንዌይና ባልደረቦቻቸው ብዙ ተመሳሳይ ልጆች አገኙ። መድኃኒቱን በጡንቻ መስጠት የተለመደውም በዚህ ጊዜ ነው። ኮን ያወጡት ጋማ ግሎቡሊን ወፍራም ነው፤ በቂ መጠን ለመስጠት ብዙ ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ያም በልጅ መቀመጫና ጭን ጡንቻ ውስጥ በየሳምንቱ ይገባል። ልጆቹ መርፌውን ከበሽታው አብልጠው የሚፈሩበት ጊዜ ነበር።

ሕመሙ ብቻም አልነበረም። የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ካውንስል በ1950ዎቹ ጀምሮ በ1969 ሪፖርቱን ባወጣበት ጥናት፣ ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ገደማ አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከባድ ምላሽ ገጥሞት ነበር፦ ፊት መቅላት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የደም ግፊት መውረድ። በጡንቻ የሚሰጠው መጠን ደግሞ ሕይወትን ቢያቆይም ሳንባን ለመጠበቅ አይበቃም ነበር፤ ብዙ ወጣቶች ከዓመት ዓመት የሳንባ ቧንቧቸው እየሰፋና መግል እየቋጠረ ቀጠለ። በቀጥታ ወደ ደም ሥር መስጠት ቢቻል መጠኑም ይጨምራል፣ ሕመሙም ይቀራል።

ችግሩን በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ሲልቪዮ ባራንዱን በ1962 አሳዩ። ለጡንቻ የተዘጋጀው ጋማ ግሎቡሊን ወደ ደም ሥር ሲገባ ታካሚው ይንቀጠቀጣል፣ ደረቱ ይጨመቃል፣ ግፊቱ ይወድቃል። ይህ በብዛት የታየው አንቲቦዲ በሌላቸው ሰዎች ላይ፣ ማለትም መድኃኒቱ በጣም በሚያስፈልጋቸው ላይ ነው። በምርት ጊዜ አንቲቦዲዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ጓል ይሠራሉ፤ ሰውነትም ጓሉን ከጠላት ጋር የተያያዘ አንቲቦዲ አስመስሎ በማየት የመከላከያ ሰንሰለቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያነቃል።

መፍትሔው ሁለት አሥርት ዓመት ጠየቀ። በመጀመሪያ አንቲቦዲውን የጨጓራ ኢንዛይም በሆነው ፔፕሲን መቆራረጥ ተሞከረ፤ ምላሹ ጠፋ፣ ነገር ግን የተቆራረጠው አንቲቦዲ በሰውነት ውስጥ በአጭር ጊዜ ያልቃል። በመጨረሻ በርን ውስጥ የተሳካው ለዘብ ያለ መንገድ ነበር፦ ፈሳሹን ወደ አሲድነት አድርሶ ጥቂት ፔፕሲን ጨምሮ ጓሉን መፍታት፣ አንቲቦዲውን ግን ሙሉውን መተው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደም ሥር የሚሰጡ ምርቶች በስፋት ወጡ። የሚሰጠው መጠን በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ400 እስከ 600 ሚሊ ግራም ደረሰ፤ ሐኪሞችም ከሚቀጥለው መርፌ በፊት በደም ውስጥ የቀረውን መጠን እየለኩ ለእያንዳንዱ ታካሚ ልክ ማስተካከል ቻሉ። «በዝግታ ጀምር፣ ምላሽ ካለ አቁም፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ጨምር» የሚለው ደንብ ከባራንዱን ዘመን የተወረሰ ነው። በተለይ አዲስ ታካሚ፣ ምርት የቀየረና በዚያ ቀን ትኩሳት ያለበት ሰው ምላሽ የማሳየት ዕድሉ ከፍ ይላል።

በዚያው በርን በ1981 ጳውል ኢምባክ ይህ መድኃኒት የደም መርጊያ ሕዋሳት በገዛ መከላከያቸው የሚወድሙባቸውን ልጆች እንደሚረዳ አሳዩ። ኢሚዩኖግሎቡሊን ከዚያ በኋላ ለብዙ ሌሎች በሽታዎች ተፈላጊ ሆነ፤ ጉድለት ያለባቸው ሰዎችም መድኃኒታቸውን ከሌሎች ጋር መጋራት ጀመሩ።

1980–1995፦ ወደ ቆዳ ሥር መመለስ

በደም ሥር መስጠት ለሁሉም አልተመቸም። ደም ሥራቸው የማይገኝ ሕጻናት አሉ፤ ምላሹን የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ ከሆስፒታል ርቀው የሚኖሩ አሉ። በ1980 በአሜሪካ ሜልቪን በርገርና ባልደረቦቻቸው ትንሽ ፓምፕ ተጠቅመው መድኃኒቱን ከቆዳ ሥር በዝግታ አስገቡ። አንቲቦዲው ከዚያ ወደ ደም በቀስታ ስለሚደርስ ትልቅ ምላሽ አይቀሰቅስም።

ይህን ወደ ሕዝብ ያወረዱት ስዊድናውያን ናቸው፤ እዚህ ላይ የአንዲት ነርስ ስም በክብር መነሳት አለበት። አን ጋርዱልፍ በሁዲንጌ ሆስፒታል ከሐኪሞቹ ጋር ሆነው በ1991 ባወጡት ጥናት፣ ታካሚዎች ራሳቸው በቤታቸው በጭናቸው ወይም በሆዳቸው ቆዳ ሥር በፓምፕ እንዲወስዱ አደረጉ። በ1995 የታተመው ውጤት የብዙዎችን ሐሳብ ቀየረ፦ ከ165 ታካሚዎች ከ33,000 በላይ መርፌ ውስጥ አንድም ከባድ ምላሽ አልታየም። የብሩተን መንገድ ትክክል ነበረ ማለት ነው።

የስዊድን ሥራ ሰፊ ውጤት ያመጣው በፓምፑ ብቻ አይደለም። ነርሶቹ በሽተኛውንና ቤተሰቡን በሆስፒታል አስተምረው፣ ራሳቸው ሲሠሩ አይተው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ቤት ላኳቸው። ታካሚው ጠርሙሱን ወደ ክፍል ሙቀት እንዲያደርስ፣ እንዳይነቀንቀው፣ ዝቃጭ ካለበት እንዳይጠቀምበት፣ መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን እንዲያረጋግጥ፣ ቦታውን እየቀያየረ እንዲወጋ፣ በመዝገቡም የምርቱን ቁጥር እንዲጽፍ ይማራል። ይህን ዕውቀት ለታካሚው ማስረከብ፣ በእኔ ግምት፣ ከመድኃኒቱ ጥራት መሻሻል ያላነሰ የደኅንነት እርምጃ ነው። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ የመጀመሪያውን ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ምርት የፈቀደው ግን በ2006 ነው።

1994፦ ያልታሰበው ቫይረስ

ኢሚዩኖግሎቡሊን አንድ ሰው ከሰጠው ደም አይሠራም። ለአንድ ምርት ከሺህ በላይ፣ አንዳንዴም ከአሥር ሺዎች የሚሰበሰብ ፕላዝማ ይቀላቀላል፤ የብዙ በሽታ መከላከያ በአንድነት የሚገኘው በዚህ ነውና። ነገር ግን የአንድ የታመመ ለጋሽ ቫይረስም ወደ መላው ምርት ሊገባ ይችላል።

በየካቲት 1994 በአሜሪካ አንድ ታዋቂ የደም ሥር ምርት ከገበያ ተሰበሰበ፤ ከወሰዱት ታካሚዎች ከመቶ በላይ በሄፓታይተስ ሲ ተይዘው ነበር። በዚያው ወር በአየርላንድ ይበልጥ የከፋ ነገር ተገለጠ። በ1977 የተመረተ አንቲ ዲ፣ ማለትም የሾተላይ መርፌ፣ በሄፓታይተስ ሲ ተበክሎ ኖሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ እናቶችን አስይዟል። ለጤና የወሰዱት መርፌ ለዓመታት ሳያውቁት ጉበታቸውን ሲጎዳ ኖሮ ነበር። አገሪቱ የምርመራ ጉባኤ አቋቋመች፤ ጉባኤውም የብሔራዊ ደም መስጫ ድርጅቱን ጥፋት ይፋ አደረገ።

የአሜሪካው ጉዳይ ለተመራማሪዎች እንቆቅልሽ ነበር። ፕላዝማው ለሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲ ይመረመር ነበርና። የተሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው፦ አንቲቦዲ ያለበት ፕላዝማ ሲጣል፣ ቫይረሱን አስሮ የሚያቆየው አንቲቦዲም አብሮ ተጣለ። ገና አንቲቦዲ ያልሠራ፣ አዲስ የተያዘ ለጋሽ ቫይረሱን ይዞ አለፈ፤ የሚያስረው አልነበረም። ለደኅንነት የተጨመረ ምርመራ ብቻውን ሌላ በር ከፈተ።

ከዚያ በኋላ ምርመራ ብቻውን በቂ ሆኖ አልተቆጠረም። በምርት ሂደት ውስጥ ቫይረስን በራሱ የሚገድል እርምጃ ግዴታ ሆነ። የቫይረሱን የስብ ልባስ የሚያሟሙ ኬሚካሎች፣ በዝቅተኛ አሲድ ማቆየት፣ ልባስ የሌላቸውን ትንንሽ ቫይረሶች የሚይዙ ረቂቅ ማጣሪያዎች ተደራረቡ። አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዛል። የጠርሙሱን ቁጥር መመዝገብ ዛሬ ደንብ ሆኖ የቀረው፣ አንድ ምርት ተጠርጥሮ ሲነሳ ማን እንደወሰደው በሰዓታት ውስጥ ለማወቅ ነው።

1998–2013፦ ኩላሊትና የደም መርጋት

ቫይረሱ ከተቆለፈበት በኋላ ሌላ ዓይነት አደጋ ታየ። በ1998 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በደም ሥር ኢሚዩኖግሎቡሊን የወሰዱ ሰዎች ኩላሊታቸው እየቆመ መሆኑን ለሐኪሞች ጻፈ። አብዛኞቹ የወሰዱት ምርት ፕሮቲኑ እንዳይጣበቅ ስኳር፣ ማለትም ሱክሮዝ፣ የተጨመረበት ነበር። የኩላሊት ቱቦዎች ሕዋሳት ሱክሮዙን ወስደው ማስወገድ ስለማይችሉ ያብጣሉ። ብዙ አምራቾች ሱክሮዙን በአሚኖ አሲዶች ተኩት። «ውኃ ጠጥተዋል?» የሚለው የነርሷ ጥያቄ፣ ለአዛውንት፣ ለስኳር ታማሚና ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ዝግ ያለ ፍጥነት የመምረጥ ልማድ ከዚህ መጣ።

በ2010 አንድ የአውሮፓ ምርት ከተወሰደ በኋላ ደማቸው በሚረጋ ሰዎች ቁጥር መብዛት ምክንያት ተሰበሰበ። በምርት ጊዜ የተነቃ የደም መርጊያ ፋክተር ዐሥራ አንድ በጠርሙሱ ቀርቶ ነበር። አምራቾች ይህን ፋክተር ማስወገድና መፈተሽ ጀመሩ፤ በ2013 ደግሞ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ስለ ደም መርጋት በጥቁር ሣጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ በሁሉም የኢሚዩኖግሎቡሊን ምርቶች ላይ እንዲታተም አዘዘ። ከሕክምናው በኋላ አንድ እግሩ ያበጠበት፣ ደረቱን የወጋው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ማግኘት አለበት።

ዛሬ

የዓለም ጤና ድርጅት ኢሚዩኖግሎቡሊንን ለመከላከያ ጉድለት በ2007 አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ የዓለም ፕላዝማም ከግማሽ በላይ የሚሰበሰበው ከአሜሪካ ነው። በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሕክምናው በሆስፒታልም በቤትም ይገኛል። አገር ቤት ግን መድኃኒቱ ከመድረሱ በፊት የሚቀድም ችግር አለ፤ ልጁ ሳይታወቅ ይቀራል።

ጉድለቱ የተረጋገጠ ልጅ ሕያው ቫይረስ ያለበትን የፖሊዮ ጠብታ መውሰድ የለበትም፤ አንቲቦዲ በሌለው ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በቤቱ ስላሉ ሌሎች ልጆችም ሐኪሙ ይጠየቅ። ከዚህ ቤት ውጭ ያሉ ጤነኛ ልጆች ሁሉ ግን ጠብታውን ይውሰዱ፤ ያልተከተበ ሰፈር ለዚህ ልጅ ይበልጥ አደገኛ ነው። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚወስድ ሰው የኩፍኝ ክትባት ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የተዋሰው አንቲቦዲ ክትባቱን ለወራት ሊያከሽፈው ይችላልና። የደም ምርመራ ውጤትም ከለጋሾቹ በተላለፈ አንቲቦዲ ምክንያት ሊያሳስት ይችላል።

ልጃችሁ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ከያዘው፣ ጆሮው በዓመት አራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከመገለ፣ በአፍ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ሳይሠራለት ቀርቶ ደጋግሞ በደም ሥር ከወሰደ፣ ወይም በእናት በኩል ወንድ ልጆች በሕጻንነታቸው በኢንፌክሽን የሞቱበት ቤት ከሆነ፣ ለሐኪሙ ይህን ታሪክ በዝርዝር ንገሩት፤ የደሙ የኢሚዩኖግሎቡሊን መጠን ይለካ ብላችሁም ጠይቁ።